የቁልቁለቱ ዘር

አንኮበር፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት፣ ደብረ ብርሃን፣ የኔታ ገብረመንፈስቅዱስ ቅኔ ቤት።

ከሰላምታዬ በፊት ከባድ መርዶ አለኝና ተቀመጥ። መቀመጫ ከሌለህ መቋሚያህን ተደገፍ። ደበሎህን ገልብጠህ ልበስ፤ ጎረቤት ጥራ። ሰው ሞቷል። የሞተውም አብሮህ ያደገ፣ ከአንድ ገበታ የበላ፣ በአንድ አለንጋ የተገረፈ፣ ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ የተቀጠፈ፣ መልከ መልካም (ይህን እናቴም ትመሰክራለች)፣ የብራና ፋቂው የወልደተንሣኤ ልጅ ደምመላሽ ነው። እግዚአብሔር ያጥናህ።

የገደለው በሽታ አይደለም፤ ደብዳቤህ ነው። እትዬ አሰገደች ከደብረ ብርሃን ገበያ ስትመለስ ከገብስ ስልቻዋ ሥር መዝዛ ሰጠችው። ሟቹ በደስታ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ነገር ከነከነውና ተመልሶ ቆጠረ። ብርሃነ መስቀል የሚል ስም ዐሥራ አንድ ጊዜ። ደምመላሽ የሚል ስም አንድ ጊዜ፤ እሱም ከላይ ሰላምታው ላይ፣ ሳይጻፍ ሊቀር የማይችልበት ቦታ። እዚያው ወድቆ ቀረ።

ብርሃነ መስቀል ትንሽ ይበላል። ብርሃነ መስቀል አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም። ብርሃነ መስቀል ሲሄድ ወደ መሬት አያይም። እንዴ! መሬት የማያይ ሰው አንድ ቀን ይደናቀፋል፤ ያን ቀን ብቻ ጻፍልኝ። ደግሞ ሲያስነጥስ እንዴት እንደሚያስነጥስ ሳትነግረኝ ቀረህ። ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር፦ አልገባኝም። «ያ ነገር በእናንተ ቁልቁለት ይገኛል ወይ?» ብለሃል። በእኛ ቁልቁለት ብዙ ነገር ይገኛል። ዝንጀሮ አለ። የእትዬ አሰገደች አህያ ሁለት ጊዜ የተንከባለለችበት ድንጋይ አለ። ስሙን ጥራው እንጂ! ስሙን ለመጻፍ የምትፈራው ነገር እንዴት ያለ ነገር ነው?

ይህች ብራና ወደ ታች እየጠበበች የሄደችው የፍየል አንገት ስለሆነች ነው። መሐሉን አባቴ ለዳዊት መጽሐፍ ወሰደው፤ ለእኔ አንገቷ ደረሰኝ። ስለዚህ ነገሬም እየጠበበ ሄዶ እዚህ ላይ አለቀ።

ሟቹ ደምመላሽ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፫ ቀን

ይድረስ ለሟቹ።

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ከውርጩ በቀር ደኅና ነኝ። መርዶህን ጎጆ ውስጥ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝና ብርሃነ መስቀል «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። ይኸው ዐሥራ ሁለተኛ ሆነ፤ ቁጠረው።

ስሙን ጥራ ካልህ አብሾ ነው። አንተም ታውቀዋለህ። ተማሪ ሲጠጣው አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን አያስረሳም የሚሉት። አትጩኽብኝ፤ መጀመሪያ ስማኝ።

በጎጆአችን ዐሥራ ሁለት ነን። አራቱ ጠጥተዋል። እነሱ ከእሳቱ በላይ፣ ጭስ በማይደርስበት ይተኛሉ፤ ስምንታችን በበሩ በኩል ውርጩ ዳር። እነሱ ርጥቦች ይባላሉ፣ እኛ ደረቆች። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አላዘዘም፤ እንዲያው ሆኖ ተገኘ። ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ ስናዋጣ የሚመርቀው ርጥብ ነው፤ ደረቅ አሜን ይላል። ጨዋታ ተጀምሮ እኛ ስንገባ ዝም ይላሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ አንዲት ጉባኤ ቃና ማውጣት አቃተኝ። ሁለት ስንኝ እኮ ነው! ጠዋት ከየኔታ ፊት ስቀርብ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። የኔታ አይቆጡም። «ነገ ይመጣልሃል ልጄ» ብለው ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። ያቺ «ልጄ» የሚሏት ታቃጥለኛለች።

እናቴን ታውቃታለህ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለ እኔ ወሬ የላትም። ለጥምቀት ከእነዋሪ እመጣለሁ፣ ልጄ በሕዝብ ፊት ቅኔ ሲያቀርብ እሰማለሁ ብላ ለአገሩ ሁሉ ተናግራለች። ምን ልታይ ነው የምትመጣው? በር ላይ የሚተኛ ደረቅ?

ትናንት ብርሃነ መስቀል ለብቻዬ ጠራኝ። ትከሻዬን ይዞ «አንተ ደረቅ ሆነህ የምትቀር ልጅ አይደለህም» አለኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ተክሉን እዚህ ውርጭ ፈጅቶታል፤ እናንተ ዘንድ ወደ ቆላው ሲወርዱ ግን አይጠፋም። ዘሩን ለቅመህ ላክልኝ። የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ለእናቴ ትንፍሽ እንዳትል።

ዘርአ ዳዊት

አንኮበር፣ ኅዳር ፳ ቀን

ይድረስ ለዘርአ ዳዊት፣ ትከሻው ለተያዘው።

ጾም ስለ ገባ ፍየል የሚያርድ የለም። ይህ የአምናዋ ፍየል ጭን ነው፤ ተንከባከበው።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አልህ? ከሾላው ዛፍ ወድቀህ «ሞትሁ፣ ሞትሁ» ስትል ማን ነው «አንተ የምትሞት ልጅ አይደለህም» ያለህ? ዝንጀሮዋ ናት? ትከሻህን ስላልያዝሁ አልተቈጠረልኝም ማለት ነው። ግድ የለም፤ ስንገናኝ ሁለቱንም ትከሻህን ይዤ ልብስህ እስኪቀደድ እነቀንቅሃለሁ። ያን ጊዜ ለብርሃነ መስቀል ጻፍለት።

ከእሳቱ በላይ መተኛት እንዲህ ካስመኘህ የዶሮ ቆጥ ላይ ውጣ። እዚያም ጭስ የለም፤ እዚያም ወደ ታች ያያሉ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ገብረ ጻድቅን ረሳኸው? ልጆች ሳለን አንኮበር ውስጥ እንደሱ ያለ ተማሪ አልነበረም። የኔታ እንኳ የጠፋባቸውን እሱን ይጠይቁ ነበር። እኛ ከኋላው እየተከተልን አካሄዱን እንቀዳ ነበር፤ ያኔም መሬት የማያይ ሰው ትወድ ነበር። ጠጥቷል አሉ። እውነት ነው፣ ጠጥቷል። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ የቅጥሩን ድንጋይ ይቈጥራል። አንድ ይላል፣ ሁለት ይላል፣ ሦስትን ያጣና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ማክሰኞ ገበያ ላይ አየሁት። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ አስይዛ እንደ ሕፃን ትመራዋለች። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው።

ሰላም አልሁት። «አንድ» አለኝ።

አልልክልህም። አንድ ነገር ግን ጠይቅልኝ። አብሾ ያለበት ሰው ጠላ ከቀመሰ እንደሚያሳብደው ሕፃን ያውቃል። ብርሃነ መስቀልህ ጠላ ሲጠጣ አይተኸው ታውቃለህ?

ደምመላሽ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፳፯ ቀን

ደምመላሽ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አልሳቅሁም።

ጠላ ይጠጣል ወይ ላልኸው፣ ለሚካኤል ዝክር ሦስት ዋንጫ ጠጥቶ ጸጥ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሌላውን ያሳብዳል፣ እሱን አይነካውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አንተ የምትጽፈው ከቅናት ነው። ከትምህርት ቤት ተባርረህ ቆዳ ስትፍቅ ትውላለህ፤ እኔ እንዳልፍህ አትወድም። ገብረ ጻድቅን የምታመጣብኝም ለእሱ አዝነህ አይደለም። ብርሃነ መስቀል ዘሩን የሚያመጣለት ሰው አያጣም። ያንተ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ዘርአ ዳዊት

አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፬ ቀን

ይድረስ ለክቡር ለተማሪ ዘርአ ዳዊት፣ ለርጥቦች ተስፋ፣ ለደረቆች መመኪያ።

ጤናዎ እንደምን ነው? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ ትከሻዎ ደኅና ነውን? ቆዳ ፋቂው አገልጋይዎ እጅ ነሥቷል።

ከቅናት ነው ብለው የጻፉልኝ እውነት ነው። ቀንቻለሁ። ስቀና እንቅልፍ ይነሣኛል፤ እንቅልፍ ሲነሣኝ ብራናው ላይ ጉልበቴን እወጣለሁ፤ ጉልበቴን ስወጣ ቆዳው ይበሳል፣ አባቴም ይጮኻል። ስለዚህ የርስዎ ብርሃነ መስቀል ሁለት ፍየል አስከስሮናል። ስለ መባረሬ ያነሡት ግን ባይነሣ ይሻል ነበር። የአንኮበሩን የኔታ መቋሚያ ቅቤ ቀብቶ፣ በማኅሌት መካከል እንደ በረዶ ያንሸራተታቸው ማን እንደሆነ ሁለታችን እናውቃለን። የተባረረው አንድ ሰው ነው። ሌላኛው ደብረ ብርሃን ሄዶ ቅኔ ይማራል።

ይህን በዚሁ ልተወው። ፈቃድዎን ፈጽሜያለሁ። ከደብዳቤው ጋር በፍየል ጅማት የተሰፋ ከረጢት አለ። ዘሩን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ ወቅጬ በማር ለውሼዋለሁ። ብርሃነ መስቀል ምንም እንዳይጨምርበት፤ ከጨመረበት ኃይሉን ያጣል። እንደ ሌላው በጥቂቱ የሚቀመስ አይደለም። የቁልቁለቱ ዘር እንዲሠራ አንድ አንድ ጭብጥ ሙሉ መዋጥ ነው። ይምረራችሁ፤ የሚመረው ሲከፍት ነው።

የተሰማዎትን አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

የርስዎ ቆዳ ፋቂ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለደምመላሽ፣

ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ያን ደብዳቤ የጻፍሁት በንዴት ነው። ስለ መቋሚያው ያልኸኝን አንብቤ ራሴን ጠላሁት።

ከረጢቱ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ብርሃነ መስቀል አሽትቶ ዓይኑን ጨፈነና «ይህ የቆላ ነው፤ ኃይለኛ ነው» አለ። ያልጠጡት ቀኑ። ኃይለ ገብርኤል ታናሻችን ነው፣ ገና ዐሥራ አራት አልሞላውም፤ አምጡ ብሎ አለቀሰ፤ ትንሽ አቀመሱት። እኔ እንዳዘዝኸኝ አንድ ጭብጥ ሙሉ ዋጥሁ። ምሬቱ! ደግሞ አንድ የቆየ ነገር፣ የከብት በረት የመሰለ ሽታ አለው።

ጥቂት እንደ ቆየን አንዱ የጎጆው ምሰሶ ተንቀሳቀሰ አለ። ሌላው ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ይመታል አለ። ኃይለ ገብርኤል የሞተች አያቱን አየ። ብርሃነ መስቀል ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደሚያውቅ ሰው። እኔ መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፤ ፈራሁ። ሁሉም ተሰምቷቸው እኔ ብቻ ስቀር ታየኝ። ከዚያ ግን ግንባሬ ላይ የተዘጋ በር ሲከፈት፣ በእውነት ሲከፈት ተሰማኝ። ሰኞ ጠዋት ከየኔታ ፊት ቆሜ ጉባኤ ቃና አወጣሁ። ማክሰኞ ሁለት። ረቡዕ የኔታ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይበል! ድገም!» አሉ። በጥምቀት ታቦቱ ፊት ቅኔ የማቀርበው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ደምመላሽ!

አሁን ከእሳቱ በላይ ነው የምተኛው። «ይህን ያመጣልኝ ደምመላሽ ነው» ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። «ደምመላሽ የሚሉት ማነው?» ይላሉ። ደምመላሽ ወንድሜ ነው፣ ደምመላሽ ከማንም ይበልጥብኛል አልሁ፤ ብርሃነ መስቀልም ሰምቷል። ይኸው ቁጠር፤ ይበቃሃል?

ከትናንት ጀምሮ ግን ነገሩ የሚሸሸኝ መሰለኝ። ስንኙ ይመጣና ይጠፋል። ያለ እሱ የምችል አይመስለኝም። ከጥምቀት በፊት ሌላ ጭብጥ እፈልጋለሁ። ከደብረ ሲና የሚመጣ አንድ ነጋዴ ዘሩን አመጣለሁ ብሏቸዋል። እኔ ያንተን እመርጣለሁ፤ ካልደረሰ ግን የእሱንም ቢሆን።

ዘርአ ዳዊት

አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፳፭ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፣

ደስ ይበልህ፤ ሟቹ ተነሥቷል። ስሜን እየደጋገምሁ ቆጠርሁት፤ ብርሃነ መስቀል ወደ ታች ወርዷል። ደብዳቤህን ለአባቴ አነበብሁለት፣ ለእትዬ አሰገደች አነበብሁላት፣ ለአህያዋም አነበብሁላት። «ደምመላሽ ከማንም ይበልጥብኛል» የምትለው ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

አንድ የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ከባድ አይደለም፤ ቢቆይ አይጎዳም። ገና ይለፍ፤ ደስታዬን ልጥገብ። እትዬ አሰገደች ለበዓሉ ቤቷ ስለምትውል እስከ ጥር ዘጠኝ ወደዚያ አትወጣም። ያን ጊዜ ሌላ ከረጢት ይመጣልሃል። ከነጋዴው ግን አትቀበል። የደብረ ሲና ሰው ዘር አያውቅም፤ የኔን ጠብቅ።

ከማንም የሚበልጥብህ ደምመላሽ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፳፫ ቀን

ይድረስ ለደምመላሽ፣

ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ይቅር በለኝ፤ ፊደሉ አሁንም ይንሳፈፍብኛል። ጸሐይ ዓይኔን ትወጋዋለች። ራቅ ያለውን አያለሁ፤ የቅርቡን ግን ገና ነው።

ምን ሆኜ ነበር? ማንም አይነግረኝም። የነጋዴውን ዘር እጄ ላይ እንደያዝሁ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ብራና ብራና የሚሸት ሰው አጠገቤ ነበረ። አንተ ነህ? መቼ መጣህ፣ መቼስ ሄድህ? ጥምቀት አለፈ ይሉኛል። እናቴ መጥታ ነበር? ምን ብላችሁ መለሳችኋት?

ብርሃነ መስቀል አጥሚት እያፈላ ያመጣልኛል፤ ፊቴን ግን አያይም። አሁን የሚተኛው በበሩ በኩል ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ከቁልቁለቱ ከረጢት ውስጥ ምን እንደነበረ ደምመላሽን ጠይቀው» አለኝ። ምን ነበረ?

ዘርአ ዳዊት

አንኮበር፣ ጥር ፴ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፣

ይህን የምጽፈው ባልተበሳ ብራና ላይ ነው። አባቴ ራሱ ከመሐል ቆርጦ ሰጠኝ። «ለዚህኛው ደብዳቤ አንገት አይሆንም» አለ። የሆነውን ነግሬዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመታኝ ቀረ፤ ቢመታኝ በወደድሁ።

በከረጢቱ ውስጥ የነበረው ያረረ ገብስ ነው። ምሬቱ የግራዋ ቅጠል ነው። የበረት ሽታ ያልኸው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሁባት የፍየሏ ቆዳ ፍቃፊ ነው፤ አንገቷን አነበብሃት፣ የቀረውን ዋጥሃት። አንዲት ፍሬ ዘር አልነበረበትም። ስለዚህ ሰኞ ያወጣኸው ጉባኤ ቃና ያንተ ነው። ማክሰኞም ያንተ። የኔታ ብድግ ያሉት ለፍየል አይደለም፤ ላንተ ነው።

ልሥቅባችሁ ነበር። በዐሥራ ሁለታችሁም፣ ከሁሉ በላይ በብርሃነ መስቀል ልሥቅ ነበር። «ይህ የቆላ ነው፣ ኃይለኛ ነው» ማለቱን ሳነብ ብራናው ላይ ተደፍቼ ሣቅሁ። ለዚያ ደብዳቤህ ስመልስ እውነቱን ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ግን አመሰገንኸኝ። ከማንም ትበልጥብኛለህ አልኸኝ። እውነቱን ከነገርሁህ ያ ምስጋና ተመልሶ ይሄዳል ብዬ ሰሰትሁ። ገና ይለፍ አልሁ። «አንድ ጭብጥ ሙሉ ዋጥ» ያልሁህም እኔ ነኝ፤ ነጋዴው አይደለም፣ ብርሃነ መስቀልም አይደለም። ገብስ ስለሆነ ነበር ያልሁህ።

ጥር ስምንት ቀን አንድ ጨው ነጋዴ በአባቴ ደጅ ሲያርፍ «የየኔታ ገብረመንፈስቅዱስ ተማሪዎች ዘር ገዙ» ሲል ሰማሁ። ሲነጋጋ ተነሥቼ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። ጸሐይ ሳትገባ ደረስሁ፤ አንተ ግን ጠዋት ቀድመኸኛል። የመጀመሪያውን ጭብጥ የዋጥኸው አንተ ነህ። የቀሩት ፊትህን ሲያዩ የያዙትን ጣሉ። ኃይለ ገብርኤልም ጥሏል፤ ደኅና ነው።

ሦስት ቀን። ውሃ ስንሰጥህ እሳት ነው ትላለህ። አየር ላይ ገብስ ትሸመጥጣለህ፤ የሸመጠጥኸውን በጥንቃቄ አኮፋዳህ ውስጥ ትከታለህ። ያን ሁሉ ጊዜ ራስህን ጭኑ ላይ አድርጎ የያዘህ ብርሃነ መስቀል ነው። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን እሱ ነው። በሁለተኛው ቀን እያለቀሰ ነገረኝ። ጠጥቶ አያውቅም። እዚህ በመጣበት ዓመት ትልልቆቹ «ጠጥተሃል?» ሲሉት አዎ አለ፤ ቦታ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲያ አይ ማለት አልቻለም። ሦስቱም እንደዚያው። እነሱ የጠጣው እሱ ነው ብለው፣ እሱም የጠጡት እነሱ ናቸው ብሎ፣ ሁሉም ውሸታሙ እኔ ብቻ ነኝ እያለ ከእሳቱ በላይ ሲተኛ ኖሯል። የተዘጋብህን በር የያዘ ሰው አልነበረም፣ ዘርአ ዳዊት። ባዶ በር ነው የገፋኸው።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። እሱን ሦስት ቀን ሙሉ «ደምመላሽ» እያልህ ነበር የጠራኸው። «ደምመላሽ፣ አትሂድ» እያልህ። ስሜን በሰማ ቁጥር ፊቱን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ቆዳ ስዘፈዝፍ ውሃው ውስጥ ሳየው ነው የከረምሁት። ልሥቅበት ፈልጌ ሣቁ እምቢ አለኝ።

እኔን ደግሞ «የኔታ» አልኸኝ። እግሬ ላይ ወድቀህ «መቋሚያውን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ደምመላሽን መልሱት» አልህ። በየኔታ ስም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ባርኬሃለሁም። ቡራኬው ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ ግማሽ ትምህርት ነው ያለኝ።

እናትህ በከተራ ዕለት ደረሰች። በር ላይ ተቀብዬ «ምች መቶት ነው» አልኋት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ አመነችኝ አልልህም። ግንባርህን ልትጠርግ ስታጎነብስ የነጠላዋን ጫፍ ያዝህ፣ አልለቅም አልህ። እሷም አላስለቀቀችህም። እንደዚያው ተቀምጣ ጥምቀት አለፈ፤ ከታች ከበሮው ይሰማ ነበር። እኔ ነጠላውን ሳይ ወጣሁ። ከጎጆው ጀርባ ቆሜ የአጥሩን እንጨት ቆጠርሁ። ሦስትን አላጣሁትም። አንተም ገና ሰው ሳትለይ ዓይንህን ስትገልጥ መጀመሪያ ያደረግሁት ጣቴን እያሳየሁ ማስቈጠር ነበር፤ እስከ ዐሥር ስትደርስ ብርሃነ መስቀልና እኔ ሳናስበው ተቃቀፍን። ለማንም እንዳትናገር።

አሁን ከእነዋሪ በቄሱ እጅ አጽፋ «ልጄን ምን ነካው?» ብላኛለች። የመለስሁላትን ግልባጭ ከዚህ በታች ጽፌልሃለሁ። እውነቱን ልትነግራት ከፈለግህ ያንተ ነው፤ እኔ ድሮም የምዋሽላት ልጅ ነኝ።

«ይድረስ ለአክስቴ ለወለተሐና። እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ልጅዎ ዓይኑም ጠርቷል፣ ምግብም ይበላል። ለጥምቀት ያልሰሙትን ቅኔ ለትንሣኤ ይሰማሉ፤ የሚያቀርበውም ከራሱ አውጥቶ ነው። ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ፣ እኔም እንደ ልማዴ በመካከል ገብቼ ነገሩን ሳካብደው ነው እንዲህ የተወራው። እንቅልፍዎን አይጡበት። እንዲያው እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነበር።»